የአሮጌ ሰማይ ማኅበር

የወረኢሉ የአሮጌ ሰማይ ማኅበር ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ይሰበሰባል። አባላቱ ዘጠኝ ነን። ከመካከላችን ልጅ የምንላት ቤዛዊት ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። እኔ ሜላት እባላለሁ፤ ሰባ አንድ ዓመት ሞልቶኛል፤ ማኅበሩ ከተቋቋመበት ከ2020 ዓ.ም. ጀምሮ መዝጋቢው ነኝ። በቀን የምንሰበሰበው ስላረጀን አይደለም። ማታ ወጥቶ የሚታይ ነገር ስለሌለ ነው።

ከላያችን ያለውን የሳተላይት ንጣፍ ሰው «ጣሪያው» ይለዋል። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይበራል። ረቡዕና ቅዳሜ የሳሙና ማስታወቂያ ያልፍበታል፤ በበዓል ዋዜማ የመልካም ምኞት መግለጫ። ደመና ከሌለ ጋዜጣ ያስነብባል። ከተማው የመንገድ መብራት ካስነቀለ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ በዚህም ከመብራት ወጪ ዳንን ተብሎ በየዓመቱ ሪፖርት ይቀርባል። የልጅ ልጄ ኮከብ ሲባል ትዝ የሚላት የሆቴል ደረጃ ነው።

እኛ የምናየው ከጣሪያው በፊት የተነሱ የሰማይ ፎቶዎችን ነው። ወደ ላይ የወጡት ማሽኖች አዲስ አስትሮይድ ሲያገኙ የዓለም የምህዋር ማዕከል የሚባለው መሥሪያ ቤት በየአገሩ ላሉ እንደኛ ዓይነት ማኅበራት መልእክት ይልካል። ይህ ድንጋይ በዚህ ዓመት፣ በዚህ ወር፣ በዚህኛው የሰማይ ጥግ ሳያልፍ አልቀረም፤ እባካችሁ የፎቶ ሣጥናችሁን ፈትሹ ይላል። በደቂቃዎች ልዩነት የተነሱ ሁለት ፎቶዎችን እናቀራርብና አንዱን ከሌላው እያፈራረቅን እናያለን። ከዋክብቱ ባሉበት ይረጋሉ፤ አንዲት ነጥብ ግን ቦታ ትለውጣለች። እሷን ለክተን እንልካለን። ድንጋዩ የዛሬ አርባ ዓመት የት እንደነበር ከታወቀ ነገ የት እንደሚሆን ማስላት ይቀላል።

ከተማው ግን ኮከብ ቆጣሪዎች ነው የሚለን። አንዲት እናት ልጇንና እጮኛውን አስከትላ መጥታ ኮከባቸው ይገጥም እንደሆነ ጠይቃኛለች። የአባልነት ቅጽ ሰጥቻት ተሰናበተችኝ።

ከፎቶዎቹ አብዛኞቹን ያነሳው ባለቤቴ ያፌት ነበር። ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቴሌስኮፑን ከደሴ በአይሱዙ ጭኖ አምጥቶ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ተከለው። የወረኢሉ የጥር ብርድ አጥንት ይሰብራል። እኔ ባና ተከናንቤ ቀይ ባትሪ አበራለሁ፤ እሱ ቀኑንና ሰዓቱን ደብተር ላይ ይጽፋል። ያን ሰማይ አሁን ላስረዳ ብል ሰው የማጋንን ይመስለዋል። ኮከቡ በጣም ብዙ ከመሆኑ የተነሳ ቀና ብሎ የቆየ ሰው እግሩ ይከዳዋል። ያፌት ክንዴን ይዞ «ቁጭ ብለሽ እዪ» ይለኝ ነበር። ያን ዘመን እናፍቃለሁ፤ በየቀኑ እናፍቃለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት የደብተሩን ሰዓት ወደ ፈረንጅ ሰዓት እየመለስኩ በዓለም መዝገብ ላይ የምሞላው እኔ ነበርኩ። በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር። የመሬት አስተዳደር ቢሮ ሠላሳ ዓመት ሳገለግልም አንድ ቅጽ ተሳስቶ ከእጄ አልወጣም፤ ባልደረቦቼ ለዚህ ሲሉ ይጠሉኝ ነበር።

ባለፈው ኅዳር የተገኘው ድንጋይ ቁመቱ ሰባ ሜትር ነበር። ማሽኖቹ አሥራ አንድ ቀን ብቻ አይተውት የፀሐይ ብርሃን ጋረደው። የሚመጣው ከፀሐይ በኩል ስለሆነ እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ዳግም እንደማይታይ ማዕከሉ አስታወቀ። ሰኔ ላይ ምድርን የመምታት ዕድሉ ከዘጠኝ አንድ ነው ተባለ። ሊወድቅ የሚችልበት መስመር ከዓባይ በረሃ እስከ አፋር ይዘረጋል፤ ወረኢሉ መሐሉ ላይ ናት። በጥር ወር ትእዛዝ ወጣ፦ ነዋሪው በሙሉ እስከ መጋቢት 30 ድረስ ለቆ ኮምቦልቻ በተዘጋጀለት መጠለያ ይግባ። ለአንድ ሰው አርባ ኪሎ ዕቃ ተፈቀደ። የማኅበሩን የወረቀት ደብተሮች መዘንኳቸው፤ ሃያ ሁለት ኪሎ ሆኑ። ለእኔ የቀረኝ አሥራ ስምንት ነበር።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኪሩቤል የያፌት ታናሽ ወንድም ነው። የፊዚክስ መምህር ነበር፤ ጡረታ ከወጣ በኋላም ሰው ሁሉ ተማሪው ይመስለዋል። እኔን «እታለም» ነው የሚለኝ። ትእዛዙ የወጣ ዕለት ስብሰባ ላይ ተነስቶ «እኔ ወንድሜን ጥዬ ኮምቦልቻ ድንኳን ውስጥ አልተኛም» አለ። «ከዘጠኝ አንድ ነው ያሉት። ስምንቱስ?»

«ኪሩ፣ አንዱ ከደረሰስ?» አልኩት።

«ከደረሰማ ያፌት አጠገብ ያገኘኛል።»

ቀልዱን መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ከዚያ ወዲያ ማክሰኞና ዓርብ የሚባል ነገር ቀረ፤ በየቀኑ መሰብሰብ ጀመርን። ከተማው ዕቃውን እየጠቀለለ ነበር። በር የሚነቅል፣ ቆርቆሮ የሚያወርድ፣ ከጎረቤቱ ጋር ሚዛን የሚዋዋስ ሰው መንገዱን ሞልቶታል። እኛ መስኮት ዘግተን የ2021 ዓ.ም. ሰማይን እንመለከታለን። የካቲት መጀመሪያ ላይ ቤዛዊት እጇን አነሳች።

«እዚህ ጋ ጭረት አለ» አለች።

ፀጉር የምታህል ቀጭን ጭረት ነበረች፤ ቀርቦ በፍጥነት የሚያልፍ ድንጋይ በነጥብ ፋንታ የሚተወው ዓይነት። ቀጣዩ ፎቶ ላይ ትንሽ ወደ ቀኝ ፈቅ ብላ ሌላ ጭረት አለች። ኪሩቤል መነጽሩን ሦስት ጊዜ ጠረገ። ያን ዓመት ድንጋዩ ማንም ሳያውቀው በአጠገባችን አልፎ ኖሯል። መዝገቡ ላይ ያለው ቀን ጃንዋሪ 18፣ ከሌሊቱ ሁለት ሰዓት በፈረንጅ ይላል፤ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ለክተን በዚያው ዕለት ላክን።

መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ። ከሌላ አገር የተገኘ አንድም ፎቶ ስላልነበረ ስሌቱ በሙሉ በእኛዋ ጭረት ላይ የቆመ ነው። ድንጋዩ ከምድር ስምንት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ያልፋል። የመልቀቂያው ትእዛዝ ተነሳ።

የዚያን ሳምንት ደስታ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ሰው የጠቀለለውን እየፈታ፣ ያወረደውን ቆርቆሮ መልሶ እየመታ ይዘፍን ነበር። ለማኅበሩ በግ ተላከልን። «ኮከብ ቆጣሪዎቹ» የሚለው ስም እንደ ማዕረግ ተቈጠረ፤ ያቺ እናት እንኳ መንገድ ላይ አግኝታ ጉልበቴን ሳመችኝ። ከንቲባችን ኤልዳና፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ፣ ፎቶው ተለቅ ተደርጎ ታትሞ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ እንዲሰቀል ወሰነች። ከሥሩም በያፌት በራሱ የእጅ ጽሑፍ ቀኑ እንዲቀመጥ ፈለገች። ኪሩቤል ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሲያለቅስ ሰው እንዲያየው አይወድም።

የእጅ ጽሑፉን ላመጣ ደብተሮቹን ከካርቶን አወጣሁ። ለአርባ ስድስት ዓመት ያን ገጽ ከፍቼው አላውቅም ነበር፤ አንዴ መዝገብ ውስጥ ከገባ ምን ያደርግልኛል? የያፌት ጽሑፍ እንደሁልጊዜው ወደ ቀኝ ዘመም ብሏል። «ጥር 10፣ ሌሊት 8 ሰዓት። ከተራ ነው፤ ዝማሬው እዚህ ድረስ ይሰማል። ሜላት በርዷታል።»

ፈገግ አልኩ። ሌሊቱ ትዝ አለኝ። ታቦታቱ ወርደው ወንዙ ዳር ድንኳን ውስጥ አድረዋል፤ ሰዉ ፋኖስና ባትሪ ይዞ ሜዳውን ሞልቶታል፤ ከበሮው ከጉብታው ሥር ይመጣል። ያፌት ኮቱን አውልቆ ከባናዬ ላይ ደረበልኝና እሱ ራሱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በማግሥቱ ጥምቀት ነበር።

ከዚያ ፈገግታዬ ጠፋ።

በእኛ አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው ጎሕ ሲቀድ ነው። የጥር አሥር ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ለእኛ ገና ጥር አሥር ነው። ለፈረንጆቹ ግን ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ተለውጦ አሥራ ዘጠነኛው ቀን ከገባ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። እኔ ሰዓቱን በጥንቃቄ መልሼ፣ ቀኑን ግን እንዳለ ትቼው አሥራ ስምንት ብዬ ሞላሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተነሳውን ፎቶ ሁሉ እንዲሁ ሞላሁ። ሦስት መቶ ሰባት ፎቶ።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። በ2024 ዓ.ም. ከማዕከሉ የመጣልን ደብዳቤ ነበር፦ ከወረኢሉ ፎቶዎች ግማሽ ያህሉ ሰዓታቸው አይታመንም፣ አንሺው ጥንቃቄ ይጎድለዋል የሚል። ያፌት ሦስት ጊዜ ሰዓት ለውጧል። በሬዲዮ እየቈጠረ፣ በስልክ እያመሳከረ ሰከንዱን ሲፈትሽ ዓመት ፈጀ። ደቂቃውን ስንመረምር ቀኑን ያየ አልነበረም። በመጨረሻ ቴሌስኮፑን ሸራ አልብሶ አስቀመጠውና ስለ ሰማይ ማውራት ተወ። ያን ደብዳቤ ዛሬ ማዕከሉ ውስጥ የሚያስታውሰው የለም፤ መዝገቡ ከማሽን ወደ ማሽን ሲዛወር ጠፍቷል። ስለዚህ ነው የእኛን ፎቶ ያለ ጥያቄ የተቀበሉት።

እውነቱን ልናገር። ደብተሩን መልሼ ካርቶኑ ውስጥ ልከተው አስቤ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል አስቤበታለሁ። ከውጭ የጎረቤቴ መዶሻ ይሰማኛል፤ ቆርቆሮውን እየመለሰ ነው። ከዚያ ተነስቼ ኪሩቤል ቤት ሄድኩ።

መጻሕፍቱን ከካርቶን እያወጣ መደርደሪያ ላይ ሲመልስ አገኘሁት። ገጹን ከፍቼ ሰጠሁት። እስኪረዳው ብዙ አልፈጀበትም።

«ምድር በአንድ ቀን ስንት ትሄዳለች?» አልኩት።

«ሁለት ሚሊዮን ተኩል ኪሎ ሜትር» አለ፣ ተማሪ እንደጠየቀው ሁሉ። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «ስለዚህ ይመታናል?»

«አላውቅም። እነሱ ያስሉት።»

«ካንቺና ከእኔ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ዝጊዋ ደብተሩን!»

«ኪሩ...»

«ተይ እንጂ እታለም! ሰው ትናንት ነው ዕቃውን የፈታው። አሁን ሄደሽ ‹ተሳስቻለሁ፣ መልሳችሁ ጠቅልሉ› ልትያቸው ነው? በልጆቻቸው ፊት? ምናልባት ለማይመጣ ድንጋይ?»

«ከመጣስ? አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ መዝጋቢ ነኝ ስል ኖሬ፣ ሠላሳ ሺህ ሰው በእኔ ስሕተት ቤቱ ተኝቶ ይጠብቀው?»

ተነስቶ ወደ መደርደሪያው ዞረ። ቀጥሎ የተናገረውን ሊናገር እንዳልፈለገ ከድምፁ አውቄያለሁ። «ያፌትን በቁሙ የገደልሽው አንቺ ነሽ ማለት ነው» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። «እኔ ነኝ።»

መጻሕፍቱን መደርደር ቀጠለ፤ ፊቱን አልመለሰም። ወደ ቤቴ እያለቀስኩ ነው የሄድኩት፤ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ በደስታ የማለቅስ መስሎት እንኳን ደስ ያለን ይለኝ ነበር።

በማግሥቱ ከንቲባዋ ቢሮ ገባሁ። ለእሷ ማስረዳት ከሁሉም ከበደኝ። በዚህ ዘመን ማሽኑም ሰዉም የሚሠራው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት የምንለው እኛ ሽማግሌዎቹና ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነን።

«ቀን እንዴት ጎሕ ሲቀድ ይለወጣል?» አለችኝ ግራ ገብቷት።

«ልጄ፣ ከተራ መቼ ነው?»

«ጥር አሥር።»

«ታቦቱ የት ያድራል?»

«ድንኳን ውስጥ።»

«ያ የሚያድርበት ሌሊት የማን ነው? የጥር አሥር አይደለም?»

አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ የማዕከሉን መስመር ከፈተችልኝ፤ ማረሚያውን ከእሷ ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ላክሁ።

መልሱ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው የፈጀው። ከዘጠኝ አንድ የሚባለው ቀርቷል። ድንጋዩ ሰኔ 9 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ከወረኢሉ ከተማ በስተ ሰሜን ሦስት ኪሎ ሜትር ላይ ይወድቃል። ከዚያው ደብዳቤ ግርጌ ሌላ አንቀጽ ነበረ። ሦስት መቶ ሰባቱም ፎቶዎች አንድ ቀን ወደፊት ሲገፉ ከምህዋሮቹ ጋር በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ገጥመዋል። የአንሺው ሰዓት አጠባበቅ እጅግ የተዋጣለት ነው ይላል። ሁለቱን ዜና በአንድ ወረቀት ነው የላኩልን።

ወረቀቱን ይዤ ያፌት መቃብር ሄድኩና ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ይቅርታም ጠየቅኩት። ቅጂውን ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጭኜበት ተመለስኩ።

ትእዛዙ እንደገና ወጣ፤ ይህኛው እስከ ግንቦት 20 ነበር። ሁለተኛው መጠቅለል እንደ መጀመሪያው አልሆነም። ሚዛን የሚዋዋስ፣ የሚቀልድ ጠፋ። «ዛሬ ደግሞ ስንት ቀን ነው?» እያሉ ከኋላዬ የሚጮሁብኝ ነበሩ፤ አልፈረድኩባቸውም። ኪሩቤል ማኅበሩን ተወ። በሩን ባንኳኳ አይከፍትም፤ ውስጥ ሲያስል ግን ይሰማኛል። የመጨረሻው መኪና በተነሳበት ቀን ቤቱ ተፈተሸ፤ ባዶ ነበር። ሦስት ጊዜ ፈልገውት አላገኙትም።

ሰኔ 9 ቀን ጠዋት ኮምቦልቻ መጠለያው ሜዳ ላይ ሁላችንም በየሰፈራችን ቆምን። ማሽኑ ሰው የሚቈጥረው በስልኩ ነው፤ በቁጥሩ መሠረት አንድም ሰው አልጎደለም። ከንቲባዋ ግን ስልኩን በዘመድ ልኮ ራሱ የቀረ ሰው እንዳለ ስለሰማች ሁሉም በአፉ ይቈጠር አለች። የኪሩቤልም ስልክ በቤዛዊት ቦርሳ ውስጥ ተገኝቶ ነበር፤ መቼ እንደከተተባት አላወቀችም። የእኔን ሰፈር ስም ዝርዝር በወረቀት ሰጡኝ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው።

ስም መጥራት ጀመርኩ። «አለሁ» ይላሉ። ታቅፈው የመጡትን ሕፃናት እናቶቻቸው «አለች»፣ «አለ» ይሉላቸዋል። ያ ጎረቤቴ፣ ቆርቆሮውን ሁለቴ ያወረደው፣ ሳያየኝ «አለሁ» አለ። ኪሩቤል አስናቀ ጋ ስደርስ ጠራሁ። መልስ የለም። አልፌው ሌሎቹን ጨረስኩና ተመልሼ ጠራሁት። ሰዓቱ አራት ከአሥር ሆኗል። ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። ሦስተኛ ጊዜ ጠራሁት።

«አለሁ!» አለ አንድ ሰው ከመኪናዎቹ ጀርባ።

ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ጫማውና ሱሪው እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው፤ ጢሙን አልተላጨም። ዓይኖቹ አብጠዋል።

«የት ነበርክ?» አልኩት፤ ጩኸት ነው የወጣኝ።

«እሱ ጋ። መቃብሩ ላይ የተውሽውን ወረቀት አነበብኩት።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ያፌት ልክ ከሆነ ድንጋዩም ልክ ነው ማለት ነው አልኩ። ወንድሜን ውሸታም አድርጌ ልሙት እንዴ?»

እርሳሱን ከእጄ ወስዶ ስሙ ላይ ራሱ ምልክት አደረገና መልሶ ሰጠኝ።

«በይ እታለም፣ ዝጊው» አለኝ። «ቀኑን ግን ሁለቴ አይተሽ ጻፊ።»

አጠገባችን የነበሩት ሳቁ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ። ከወረቀቱ ግርጌ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት፣ የጎደለ የለም ብዬ ጻፍኩ። ቀኑን ጽፌ ሳልጨርስ መሬቱ ከእግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ።